የሁለቱ ጥርሶች አዋላጅ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ልብስ ማስጣት ግዴታ ነበር። ዝናብ ቢጥልም ይሰጣል። የታጠበ ልብስ ከሌለ ንጹሑ ከሣጥን ወጥቶ፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ ገመድ ላይ ይውላል። ሁለት ሰዓት ላይ የጎመን ሣጥኖቹ ውኃ ይጠጣሉ። ሦስት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል፤ ተማሪዋ አንዲት ብቻ ብትሆንም ይደወላል። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየተጫወተ ይቀመጣል። የሚጫወተው ቢያጣም አፉን ያንቀሳቅሳል። ካሜራዎቹ ይቀርጻሉ፤ ዴንሶ የሚባለው የኑሮ መዝጋቢ ደግሞ ሁሉንም በሰዓቱና በደቂቃው ይጽፋል።

ይህ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ሰው የሚኖርበት ድንጋይ አገር አለው፤ ሰው የማይኖርበት ድንጋይ የማንም አይደለም። በዚያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሕር ላይ የሚጎራበቱት ሉማያና ቴራንጋ አርባ ዓመት ሙሉ በመርከብ ሲገፋፉ ኖረው፣ በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ሰው አዞሩ። ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ የሚሉትን ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች፣ ዓሣ አጥማጆች ከድሮ ጀምሮ ሁለቱ ጥርሶች የሚሏቸውን፣ ተከፋፍለው ያዙ። ሉማያ በሰሜኑ ጥርስ ላይ፣ ቴራንጋ በደቡቡ ጥርስ ላይ በብረት እግር የቆመ ሰፈር ሠሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ውኃ ስምንት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያ ውኃ ላይ፣ መድፍ የጫኑና እንደ ሰው የሚናገሩ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ዘቦች በሁለት ረድፍ ይወዛወዛሉ፤ አንዱ ረድፍ የሉማያ ነው፣ አንዱ የቴራንጋ።

ጃሪል በሰሜኑ ጥርስ ላይ ሲኖር ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። አባቱም አያቱም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ እሱም እስከ አርባ ዓመቱ በመረብ ኖሯል። የመንደሩ ባሕር ለጦር መርከቦች ሲከለል መረቡን ጠቅልሎ ሰቀለ፤ ሚስቱ በሞተችበት ዓመት ደግሞ የሰፈራ ማስታወቂያ አየና ተመዘገበ። አገር ለመጠበቅ አልነበረም የመጣው። ባሕር የሚያይበት ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። ልጁ ማዊንና ባሏ ሩፒንም አብረውት መጡ። ሩፒን ከሁለት ወር በፊት ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ሄደ፤ የት መርከብ ላይ እንዳለ አይነገርም።

ማዊን ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህን ዋና ከተማው ሲሰማ ደስታው ልክ አልነበረውም። ድንጋዩ ላይ ከሚሰጣ ልብስ ሁሉ፣ ከሚበቅል ጎመን ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ እዚያው የተወለደ ልጅ ነው። በባንዲራው ቀለም የተቀባ የሕፃን አልጋ በመርከብ ተላከ። የመታሰቢያ ሰሌዳ ተቀርጾ መጣ፤ የስሙና የቀኑ ቦታ ብቻ ባዶ ነበር። ማዊን ለመውለድ ወደ ዋናው ምድር መሄድ ፈልጋ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈች። ሦስት ጊዜም "ሐኪም ይላክልሻል" የሚል መልስ መጣላት። ሐኪሙን የያዘችው መርከብ ከመውለጃዋ ቀን አንድ ሳምንት አስቀድማ ልትደርስ ታቅዶ ነበር።

ምጡ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ማዊን ልብስ እያሰጣች ሳለ ገመዱን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ቁጭ አለች። ነፋሱ ከእሑድ ጀምሮ አልበረደም፤ መርከቧ ማዕበሉን ፈርታ ወደብ ላይ ታስራለች። ሄሊኮፕተር እንዳይጠሩ፣ በዚያ ሰማይ ላይ የሚበር ነገር ከሁለቱም ወገን ይተኮስበታል። የቀረው የስክሪን ሐኪሟ ብቻ ነበረች፤ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትሠራ፣ ፊቷ የደከመ ወጣት ሴት። እሷ በምትነግራት መሠረት ጎረቤታቸው መሣሪያውን በማዊን ሆድ ላይ አዟዟረች፤ ሐኪሟም ምስሉን ደጋግማ አየች።

"ዶክተር፣ ምንድን ነው?" አለ ጃሪል።

"ልጁ ተጋድሟል" አለች። "ጭንቅላቱም እግሩም ወደ ታች አይደለም፤ በጎኑ ነው የተኛው። እንዲህ ሆኖ መወለድ አይችልም። እዚህ ብትሆን ቀዶ ጥገና ክፍል አስገባት ነበር።"

"እዚያ አይደለችማ።"

"አውቃለሁ። የእንሽርት ውኃው እስካልፈሰሰ ድረስ በእጅ ከውጭ ማዞር ይቻላል። ግን የለመደ እጅ ይፈልጋል። ያልለመደ ሰው ቢሞክር ሁለቱንም ይገድላል።" ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ "ብዙ ሰዓት የላችሁም፣ አባቴ" አለችው።

ጃሪል ወደ በረንዳው ወጣ። ከውኃው ማዶ የቴራንጋ ሰዎችም ልብሳቸውን አስጥተዋል። እሱ የማዶውን መዝገብ የሚይዝ ሰው ነበር፤ እያንዳንዱ ነዋሪ ተራ ነበረው፣ የእሱ ተራ ረቡዕና ቅዳሜ ነበር። በርቀት መነጽር እያየ ማዶ የሆነውን ሁሉ ይጽፋል። እናም ባለፉት ሦስት ዓመታት ሦስት ጊዜ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ አሮጊቷ የነፍሰ ጡሯን ሆድ በዘይት ስታሽ ታየች፣ አርባ ደቂቃ። ከቀናት በኋላም፦ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ስሟን አያውቅም። ነጠላ ጫማዋን ከበሩ ውጭ እንደምታወልቅ፣ ግራ እግሯን እንደሚያማት፣ ከምሳ በኋላ ለብቻዋ እንደምትዘፍን ግን ያውቃል።

ወደ ዴንሶ ቢሮ ገባና "የቁጥጥሩን ጀልባ ቁልፍ ስጠኝ" አለው።

ዴንሶ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ፊደሉ የሚያምር፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ የማያደርግ ልጅ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀም። ገብቶታል።

"አባ ጃሪል፣ መስመሩ ላይ ምን እንደሚጠየቁ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ።"

ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ሰፈሩ ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠለጠኑት ስለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር። ከወዲያ ያለው ዘብ ሰው ሲቀርበው "ወደ ማን ምድር ነው የሚገቡት?" ብሎ ይጠይቃል። "ወደ ቴራንጋ ምድር ለመግባት ፈቃድ እጠይቃለሁ" ያለ ያልፋል፤ ያላለ ይተኮስበታል። ያለ ሰው ግን ድምፁ ይቀረጻል፤ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የሉማያ ዜጋ በገዛ አንደበቱ ድንጋዩ የቴራንጋ መሆኑን አመነ ተብሎ ይሰማል። የሉማያ ዘቦችም ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን እንደዚሁ ይጠይቃሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሁለቱም ወገን ያንን ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም።

"ከተናገሩት መመዝገብ አለብኝ" አለ ዴንሶ።

"መዝግብ። ያየኸውን መጻፍ አይደል ሥራህ?"

"ከዚያ በኋላ እዚህ አያኖሩዎትም።"

"ልጄ ከሞተች እዚህ ምን አደርጋለሁ፣ ዴንሶ? ልብሷን ላሰጣ ነው?"

ከውስጥ የማዊን ጩኸት መጣ። ዴንሶ መሳቢያውን ከፈተ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ከግድግዳው ላይም የነፍስ አድን ሰደርያውን አውርዶ ሰጠው። "ነፋሱ ከምሥራቅ ነው" አለ። "ሲመለሱ በስተግራ በኩል ይዙሩ።"

ጃሪል ባሕር ላይ ጀልባ ከነዳ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እጁ ግን አልረሳም። ማዕበሉን በአግድም እየቆረጠ፣ እየተወረወረና እየረጠበ መስመሩ ደረሰ። የሉማያ ዘብ ፊቱን አይቶ አሳለፈው። የቴራንጋው ዘብ ግን ሞተሩ ጮኸ፤ የመድፉ አፍ ቀስ ብሎ ዞሮ ደረቱ ላይ ቆመ። ከዚያ አንድ የሴት ድምፅ፣ ለስላሳና ትሑት፣ ጠየቀው።

"እንደምን ዋሉ። ወደ ማን ምድር ነው የሚገቡት?"

አባቱ በዚህ ውኃ ላይ ማንንም ሳይጠይቅ ያድር እንደነበር ትዝ አለው። የአባቱ ትዝታ ግን ለማዊን ምንም አይሠራላትም።

"ወደ ቴራንጋ ምድር ለመግባት ፈቃድ እጠይቃለሁ" አለ።

"እናመሰግናለን። ይለፉ።"

የደቡቡ ጥርስ ሰዎች በረንዳ ላይ ተደርድረው ጠበቁት። ለሦስት ዓመት በመነጽር ያያቸው ፊቶች ነበሩ፤ በቅርብ ሲያያቸው ከጠበቀው በላይ የፈዘዙ፣ የተጎሳቆሉ ሰዎች ሆነው አገኛቸው። እነሱም አወቁት። "ያ ኮፊያ አድርጎ ከበረንዳው በመንጠቆ የሚያጠምደው ነው" ሲል አንድ ሰው ሰማ። አሮጊቷ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ መጣች፣ እያነከሰች።

"እማማ" አለ ጃሪል፣ ጀልባው ውስጥ እንደቆመ፤ "ልጄ ምጥ ላይ ናት። ልጁ ተጋድሟል ብለውኛል። እርስዎ እንደሚያዋልዱ አውቃለሁ።"

"ከየት አወቅህ?"

"ሳይዎት ነበር።"

"እኔም ሳይህ ነበር" አለች። ስሟ ላስሚ ነበር፤ ሰባ ሁለት ዓመቷ። "የመጀመሪያዋ ነው?"

"የመጀመሪያዋ ነው።"

"የእንሽርት ውኃዋ ፈሷል?"

"እኔ ስወጣ አልፈሰሰም።"

"ወደዚህ ማምጣት ትችላለህ?"

ጃሪል ወደ ባሕሩ ዞሮ አየና ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ላስሚ ዘይቷን ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች። የእነሱ መዝጋቢ፣ ጎልማሳና ወፍራም ሰው፣ ተከትሏት እየገባ ሲለማመጣት ይሰማል። "እማማ፣ እዚያ ምን እንደሚያስብሉዎት ያውቃሉ! ጡረታዎ፣ ቤትዎ፣ የልጅዎ ሥራ..."

"አፌ የራሴ ነው" አለችው፤ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላ ስትወጣ። "አንተ ጻፍ።"

መንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገሩም። ጃሪል ዴንሶ እንደነገረው በስተግራ ዞረ። የሉማያ ረድፍ ጋ ሲደርሱ የእሱ ድንጋይ፣ የእሱ አገር ዘብ መድፉን አዙሮ አሮጊቷ ላይ አነጣጠረ። ጃሪል ከእሱ ላይ ይልቅ እሷ ላይ ሲያየው ባሰበት።

"እንደምን ዋሉ። ወደ ማን ምድር ነው የሚገቡት?"

"ወደ ምጥ ነው የምሄደው" አለች ላስሚ።

"አልተረዳንም። ወደ ማን ምድር ነው የሚገቡት?"

"ወደ ምጥ ነው የምሄደው አልኩ እኮ! አንዲት ልጅ ምጥ ይዟታል!"

"ለመጨረሻ ጊዜ እንጠይቃለን።"

ጃሪል ተነሥቶ በእሷና በመድፉ መካከል ቆመ፤ ጀልባው ዘመመ። "ተቀመጥ፣ ወንድሜ፣ ትገለብጠናለህ" አለችውና ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። ከዚያ የዓሣ እሾህ ከአፏ እንደምትተፋ ሁሉ ቃሉን አወጣችው። "ወደ ሉማያ ምድር ለመግባት ፈቃድ እጠይቃለሁ።"

"እናመሰግናለን። ይለፉ።"

ማዊን ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነበረች፤ ባለባንዲራው አልጋ ጥግ ላይ ተገፍቷል። ላስሚ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ዘይቱን በመዳፏ መካከል አሞቀችና እጆቿን ማዊን ሆድ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። የስክሪን ሐኪሟ ወደ ካሜራዋ ቀርባ የአሮጊቷን እጆች ትከታተል ጀመር።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ምጡ ሲመጣ እጇ ይቆማል፤ ሲያልፍ ደግሞ ይቀጥላል፤ አንዱ መዳፍ ይገፋል፣ አንዱ ይቀበላል። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። ጃሪል በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ሁሉንም በጆሮው ተከታተለ። በመጨረሻ ከስክሪኑ ውስጥ "ዞረ! ዞረ እኮ!" የሚል ጩኸት መጣ።

የሁለቱ አገሮች ቋንቋ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ይለያያሉ። በቴራንጋ "ግፊ" የሚባለው ቃል በሉማያ "ሳቂ" ማለት ነው። ላስሚ ማዊንን በሁለት እጇ ደግፋ "አሁን ግፊ! በደንብ ግፊ!" ስትላት ማዊን የሰማችው "አሁን ሳቂ! በደንብ ሳቂ!" የሚል ነበር። በዚያ ሁሉ ሕመም መካከል አሮጊቷን ትኩር ብላ አየቻትና እውነትም ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች፤ በሳቋ መካከልም ሕፃኗ ወጣች። ዴንሶ ሰዓቱን አየ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ። ጻፈውና ብዕሩን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ላስሚ የእንግዴ ልጁ እስኪወጣ፣ ደሙ እስኪቆም ጠበቀች። "ሦስት ቀን ደሟን ተመልከቱ። ከበዛ..." አለችና አቋረጠች። ከበዛ እሷን ዳግመኛ መጥራት አይቻልም። ጃሪል መልሶ አደረሳት። መሰላሉ ላይ ሲያወጣት እጇን ሳመ፤ የዘይት ሽታ ነበረው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሉማያ የላስሚን ድምፅ ለዓለም አሰማች። በዚያው ቀን ቴራንጋ የጃሪልን ድምፅ አሰማች። እያንዳንዳቸው የጠላታቸውን ዜጋ ብቻ እንጂ የራሳቸውን አላነሡም። ነፋሱ ሲበርድ መርከቧ መጣች፤ ሐኪም ይዛ ሳይሆን ሻለቃ ኢርዋና የምትባል መኮንን ይዛ። ሻለቃዋ ጨዋ ሴት ነበረች። ሕፃኗን አቅፋ፣ ሳቅ ብላ፣ ወግ አድርሳ ነበር ወደ ጉዳይዋ የገባችው።

"አባ ጃሪል፣ ቴራንጋ ያሰማችው ድምፅ በማሽን የተፈበረከ ነው። እዚህ ላይ ይፈርሙልን፤ እርስዎ መስመሩን አልፈው አልሄዱም። አሮጊቷ በራሷ ፈቃድ፣ ምድራችንን አምና መጣች። በቃ። ልጅቷም የድንጋዩ የመጀመሪያ ልጅ ትባላለች፤ እርስዎም እዚሁ ይኖራሉ።"

"ሴትዮዋስ? አሁን የት ናት?"

ሻለቃዋ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገች። "ወስደዋታል። በክህደት ትከሰሳለች ይባላል። የእነሱ ጉዳይ ነው።"

"እኔ ሄጄ ጠርቻት ከሆነስ? ቃሉን አስቀድሜ የተናገርኩት እኔ ከሆንኩስ?"

"ያን ጊዜ የእሷ ነገር ይቀልላል" አለች ሻለቃዋ፤ ዋሽታ ልታልፈው ትችል ነበር፣ አልዋሸችም። "የእርስዎ ግን ይከብዳል።"

ጃሪል ወረቀቱን ወስዶ ባዶው ጀርባ ላይ ጻፈ፦ ድምፁ የኔ ነው። እኔ ሄጄ ጠራኋት። ልጄን ለማትረፍ መጣች። ፈረመበት። ሻለቃዋ ወደ ዴንሶ ዞራ መዝገቡ እንዲታረም ጠየቀችው። ዴንሶ እንደ ሁልጊዜው ድምፁን ሳያነሣ "የጻፍኩት ያየሁትን ነው፣ ክብርት ሻለቃ" አላት። ጃሪል፣ ማዊን ከነልጇና ዴንሶ በዚያችው መርከብ ተወሰዱ። ማዊን የመርከቡ ጠርዝ ላይ ቆማ፣ ልጇን በሻርፕ ሸፍና፣ ወደ ማዶ እጇን አወዛወዘች። ወደ ማዶ እጅ ማወዛወዝ የተከለከለ ነበር። ከማዶ አንዲት ሴት የታጠበ አንሶላ ከገመድ አውርዳ እያወዛወዘች መለሰችላት።

ጃሪል ስምንት ወር ታሰረ፤ ከዚያም ዕድሜ ልኩን ማናቸውም ዓይነት መርከብም ሆነ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ ተፈረደበት። ዴንሶ ተራራማ አውራጃ ውስጥ የወረዳ ጸሐፊ ሆነ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱንም ድምፆች፣ ነፍስ ለማዳን የተነገረ ቃል ማስረጃ አይሆንም ብሎ በአንድ አንቀጽ ጣላቸው። ሁለቱ አገሮችም ትምህርት ወሰዱ፤ ሰፋሪዎቹን ሁሉ አንሥተው፣ ልብስ ማስጣትና ጎመን ማጠጣት የሠለጠኑ ወታደሮች ሲቪል አልብሰው አሰፈሩ። የደቡቡም የሰሜኑም ሰፈር አሁን ከበፊቱ የበለጠ ሞቅ ያለ ይመስላል ይባላል።

ልጅቷ አራት ዓመት ሲሞላት ለዘመድ ጥየቃ የሚሰጥ ፈቃድ ተገኘ። ማዊን ማመልከቻው ላይ "የዝምድናው ዓይነት" በሚለው ክፍት ቦታ "እናት" ብላ ሞላች። ጃሪል ባሕር ስለማይሻገር በየብስ፣ በሦስተኛ አገር በኩል ዞረው፣ ስድስት ቀን በአውቶብስ ተጉዘው የላስሚን ከተማ ደረሱ። የጃሪል ወረቀት በእሱ ችሎት ተነቦ ማዶ ስለ ተሰማ ክሷ ቀልሎላት ከእስር ተርፋለች፤ እንዳታዋልድ ግን ተከልክላለች። ነፍሰ ጡር እንዳትነካ የቀበሌው ተቆጣጣሪ በየጊዜው እየመጣ ቤቷን ያያል።

ላስሚ በሩ ላይ አየቻቸው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ልጅቷን ብድግ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አቆመቻት፤ ጀርባዋን ዳበሰች፣ ዳሌዋን ነካካች፣ ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ አደረገች። "ደህና ናት" አለች። "ቀጥ ያለች ናት።" ያኔ ነው ወንበሩን ስባ የተቀመጠችው፣ ማዊንንም ጎትታ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ያስጠጋችው።

ገና ውኃ እንኳ ሳይጠጡ የጓሮው በር ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ሴት ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ቆማ ነበር፤ እንግዶቹን ስታይ ልትመለስ ዞረች። ላስሚ ጃሪልን አየችው። ወጣቷንም እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። እሱ ተነሣ፣ የልጅ ልጁን እጅ ያዘና በፊት ለፊቱ በር ወጣ፤ ከኋላው በሩን ገጠም አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ልጅቷ ጠጠር ትለቅም ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በመንገዱ መጣና ፊታቸው ቆመ።

"እናንተ ደግሞ ማን ናችሁ?"

"የእማማ ላስሚ ዘመዶች ነን" አለ ጃሪል። "ለጥየቃ መጥተን ነው።"

ሰውየው የተዘጋውን በር አየት አደረገ። "ውስጥ ማን አለ?"

"ልጄና እናቷ ናቸው።"

"ሌላ ሰው ሲገባ አላየህም?"

"ማንንም አላየሁም" አለ ጃሪል፤ ጎኑንም ሰብሰብ አድርጎ ሰውየው አረፍ እንዲል በደረጃው ላይ ቦታ ለቀቀለት።